ቆንጣጩ መሬት ይዟል?

ይህ ታሪክ እውነት ነው። አላምንም የሚል ካለ መብቱ ነው፤ ውሸት ነው የሚል ካለ ግን መጥቶ ፊት ለፊቴ ይበል። ከዋሸሁ ምላሴ እንደ አሮጌ የመብራት ገመድ ይላጥ፤ ሰላም ያልኩት ሰው ሁሉ ይንዘረው፤ የገባሁበት ቤት መብራት ይጥፋ። ከዚህ በላይ ምን ልማል? ሌላ መሐላ ባውቅ እጨምር ነበር፤ የተማርኩት እስከዚህ ድረስ ነው።

በአንድ መንገድ ዳር፣ በፀጉር ቤትና በተዘጋ የሰዓት መጠገኛ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ጌም ቤት አለች። ባለቤቷን ሰፈሩ ሁሉ "ፊውዝ" ይላታል። ስሙ የወጣላት በነገር ቶሎ ስለምትቃጠል ነው፤ የሚያውቋት ግን "እሷ ብትቃጠል ቤት አይቃጠልም" ብለው ያክሉበታል። ተቆጥታ፣ ጮኻ፣ በሩን በኃይል ወርውራ ትወጣለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው "በላችሁ ወይ?" እያለች ትመለሳለች።

ቤቷ ውስጥ ሦስት ያረጁ ማሽኖች ቆመዋል። ዛሬ ልጆች በኪሳቸው ይዘውት የሚዞሩት ዓይነት ጨዋታ አይደለም። ቁም ሳጥን የሚያህሉ የእንጨት ሳጥኖች ናቸው፤ ውስጣቸው እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ሆዱ የተነፋ መስታወት አለ፤ ደረታቸው ላይ እጀታና ቁልፎች፣ ጉልበታቸው አካባቢ ደግሞ ሳንቲም የሚገባበት የብረት በር። ሁለቱ ጨዋ ናቸው። ሦስተኛው፣ በከዋክብት መሃል መርከብ እየነዱ የሚተኩሱበት፣ ይቆነጥጣል። የብረት በሩን የነካ ሰው ጉንዳን ጫማ አጥልቆ በክንዱ ላይ ሽቅብ የሚሮጥ ይመስለዋል። ልጆቹ "ቆንጣጩ" ብለው ስም አወጡለት።

የፊውዝ አባት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርፌ የያዙ ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተቆላልፈው ኩባያ የሚያነሱት በሁለት እጅ ሆኖ ነበር። ዶክተሩ ልባቸውን አዳምጦ "ድንጋጤ አይስማማቸውም" ካለ ወዲህ ደግሞ ፊውዝ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። መቆጣት ሲያምራት መንገዱን ተሻግራ፣ እዚያ ማዶ ለብቻዋ ተቆጥታ፣ ተረጋግታ ትመለሳለች። ማዶ ያለው ሱቅ ነጋዴ መጀመሪያ ላይ እሱን የምትሰድብ መስሎት ይቅርታ ይጠይቃት ነበር አሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ሥራ ፈትተው በቆንጣጩ ሊጫወቱ ቆሙ። ሳንቲም ሊያስገቡ ጎንበስ ብለው ግራ እጃቸውን የብረት በሩ ላይ ደገፍ ሲያደርጉ ቆነጠጣቸው። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ይነጥቅ ነበር፤ እሳቸው ግን በዕድሜያቸው ብዙ መርፌ የወጋቸው ሰው ስለሆኑ ዝም አሉ። በማግሥቱም ተጫወቱ። በሳምንቱ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ እጃቸውን ሲጨብጥ አንድ ነገር ታወቀው።

"አባባ፣ ጣትዎን ያሳዩኝማ። ባለፈው እንደ ዝንጅብል አልነበር?"

"ነበር።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ ወደ ካሮት ሄዷል።"

ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ወሬ ይዞ አያድርም። ያን ዕለት የተላጨ ሁሉ ስለ ፈዋሹ ማሽን ሰምቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ጌም ቤቷ በራፍ ላይ የተሰለፈውን ቁርጥማታም ብታዩ ጉድ ትሉ ነበር። ጌም መጫወት የሚፈልግ ልጅ ወገቤን እያለ እየዋሸ መግባት ጀመረ። አንድ ሾፌር ከነጥርስ ሕመሙ ገብቶ ሕመሙን ረስቶ ወጣ፤ ከነጥርሱ የረሳው ነው የሚሉም አሉ። አንድ ተኳርፈው የከረሙ ባልና ሚስት ደግሞ እየተገፋፉ ሲገቡ፣ ባልየው ብረቱን ነክቶ ሳለ ሚስቱ በስህተት ክንዱን ያዘችው። ሁለቱም ዘለሉ። ሚስትየዋ ትንፋሿን ሰብስባ "ከተጋባን ወዲህ ስትነካኝ የተሰማኝ ዛሬ ነው" አለችው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ።

ፊውዝ ግን አላማራትም። ለእህቷ ባል ደወለች። የእህቷ ባል ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ስልክ የሚያነሳው ሁልጊዜ መሰላል ላይ ሆኖ ነው።

"እትዬ፣ ቶሎ በይኝ፤ በአንድ እጄ ነው የተንጠለጠልኩት።"

"ያ ማሽን ሰው ይቆነጥጣል።"

"ይወረውራል?"

"አይወረውርም። ይኮረኩራል ነው የሚሉት። አባባማ ወደውታል።"

ከበስተኋላው አንድ መሰርሰሪያ ግድግዳ እየበሳ ይጮሃል። "መሬት ይዟል?" አለ ኤሌክትሪሺያኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ፊውዝ ጎንበስ ብላ የማሽኑን እግሮች አየች። "ይዟል" አለች። "በደንብ ነው የያዘው። አንዱ ጥግ ብቻ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር፤ ትናንት ካርቶን አጥፌ ሸጎጥኩለት።"

መሰርሰሪያው ከ"ይዟል" በኋላ ያለውን ሁሉ ዋጠው።

"መሬት ከያዘማ ምን ችግር አለው" አለ ሰውየው። "ትንሽ ቁንጥጫ ከአሮጌ ዕቃ አይጠፋም። ሲመቸኝ አየዋለሁ። መሬት የያዘ ማሽን ሰው አይገድልም።"

እንዲህ ሆነና ፊውዝ ተረጋጋች። ባለሙያ ጠይቃለች፤ ባለሙያው ምንም የለበትም ብሏል። የአባቷም ጣት እየዋለ እያደረ ሲፈታ እያየች ምን ትበል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ታውቀዋለች፤ ግን ጠርጥራ ጠይቃ ከተመለሰላት በኋላ እንደገና መጠርጠር ሥራ መፍታት መሰላት።

ሁለቱ የተናገሩት አንድ ቃል፣ የገባቸው ግን ሁለት ነገር መሆኑ የታወቀው ጌም ቤቷ በማትከፈትበት በዕረፍት ቀን ነው። ፊውዝ ጠዋት ሄዳ ወለሉን በብዙ ውሃ አጠበች፤ በሩን ቆልፋ ወደ እህቷ ቤት ለምሳ ሄደች። አባቷ "ትንሽ ልተኛ" ብለው ቤት ቀሩ። እህቷ አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አስመጥታ ባሏ ጓሮ ውስጥ ሊገጥምላት ተፍ ተፍ ይላል። ረዥም የመዳብ ዘንግ በመዶሻ እየመታ አፈር ውስጥ ቀበረ፤ ከዘንጉ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ስቦ ወደ ማጠቢያው አስገባ። ከዚያ ላቡን ጠርጎ ቀና አለ።

"ይኸው፣ አሁን መሬት ያዘ።"

ፊውዝ ሳቀች። "ቅድምስ አየር ላይ ነበር እንዴ? ይሄ ጎረምሳ የሚያክል ማሽን መሬት ላይ አይደል የቆመው?"

"መቆሙንማ ቆሟል። መሬት ግን አልያዘም ነበር።"

"በመቆምና በመያዝ መካከል ምን ልዩነት አለ?"

"እትዬ ደግሞ። የብረት አካሉ በሽቦ ከአፈሩ ጋር ሲታሰር ነዋ መሬት ያዘ የሚባለው። መብራት ከቦታው ሾልኮ ብረቱ ላይ ቢወጣ በዚህ ሽቦ ወርዶ መሬት ይገባል፤ ብሬከሩም ወዲያው ይቆርጠዋል። ሽቦው ከሌለ ግን ብረቱ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።"

"ምን ይጠብቃል?"

"ሰው።"

ፊውዝ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። እሱም መዶሻውን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ብሎ እዚያው ቀረ።

"እትዬ፣ ያንቺ ማሽን መሬት ይዟል አላልሽኝም?"

"ብዬሃለሁ።"

"በምንድነው የያዘው?"

"በአራት እግሩ" አለች። "አንዱ በካርቶን።"

ኤሌክትሪሺያኑ ማጠቢያው ላይ ተቀመጠ። "ጥፋቱ የኔም ነው" አለ፤ "ስልክ ላይ አምኜ። መጥቼ ማየት ነበረብኝ። እንግዲህ እስከ ዛሬ ሰዎቹን ያተረፋቸው ጫማቸውና ደረቅ ወለሉ ነው። መሬት ያልያዘ ማሽን ሰው ነው የሚይዘው። እርጥብ ወለል ላይ፣ በባዶ እግር ቢሆን ኖሮማ…"

አልጨረሰውም፤ የፊውዝን ፊት አየ።

ወለሉን ያጠበችው ራሷ ናት። አባቷ ሁለተኛው ቁልፍ እጃቸው ላይ አለ፤ ወረፋ በሌለበት በዕረፍት ቀን ሹልክ ብለው ሄደው መጫወት ይወዳሉ። የታጠበ ወለል በጫማ የረገጠ ወዮለት የሚለውን ሕግ ያወጣችውም ራሷ ናት፤ በዚህ ሕግ ብዙ ከተቀጡት ሰዎች ደግሞ አንደኛው አባቷ ናቸው። እርጥብ ወለል ካዩ ሳይነገራቸው ጫማቸውን ያወልቃሉ።

ስልኳን አውጥታ ደወለችላቸው። የአባቷ ስልክ ከራሷ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ። የተሰነጠቀ መስታወቱን ላስቀይርልዎ ብላ ጠዋት የወሰደችው እሷ ነበረች።

በሞተር ሳይክል ሄዱ። ኤሌክትሪሺያኑ ያን ዕለት ፍሬን የያዘው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም በስህተት። ጎማው መሬት ላይ ካረፈበት ጊዜ አየር ላይ የቆየበት ይበልጣል። ማዕዘኑ ላይ ያለ አንድ አህያ ሲያልፉ አይቷቸው ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መንገድ ለቀቀላቸው፤ አህያ ለማንም መንገድ ለቆ አያውቅም።

የጌም ቤቷ በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የቆንጣጩ ድምፅ ይሰማል፤ ፒው፣ ፒው፣ ፒው። ማሽኑ ይጮሃል ማለት የሚጫወት ሰው አለ ማለት ነው፤ ወይም የሚጫወት ሰው ነበረ ማለት ነው።

በክፍተቱ አጮለቀች። አባቷ ቆመዋል፤ በሕይወት። ከበሩ አንስቶ እስከ ማሽኑ ድረስ ጭቃማ የጫማ ዱካ እርጥቡ ወለል ላይ ተስሏል። ማሽኑ አጠገብ ደግሞ ጫማዎቹ ጎን ለጎን፣ ካልሲዎቹ በየውስጣቸው ታጥፈው ተቀምጠዋል። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሲገቡና ሳንቲም ሲያስገቡ ጫማ ነበራቸው፤ ከዚያ ወለሉን ማቆሸሻቸውን አይተው፣ ልጃቸውን ፈርተው፣ እየተጫወቱ በአንድ እጃቸው አወለቁት። ማሽኑ ያለበት ቦታ ዝቅ ስለሚል የእጥበቱ ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው። ነጫጭ እግሮቻቸው ውሃው ውስጥ ናቸው።

ኤሌክትሪሺያኑ እጅጌዋን ያዘ።

"ስሚኝ" አለ በሹክሹክታ። "እጀታውና ቁልፎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ እነሱን ይዘው እስከቆዩ ምንም አይሆኑም። የብረት በሩን እንዳይነኩ ብቻ። አንቺ አትንኪያቸው፤ ከያዛቸው አንቺንም ይጨምራል። ስፒናው የት ነው?"

"ከማሽኑ ጀርባ። ግድግዳው ጋ ተጣብቋል።"

"ብሬከሩስ?"

"ፀጉር ቤት። ቆጣሪያችን አንድ ነው፤ ከትልቁ መስታወት ጀርባ ነው ያለው።"

"ልሂድ። አንቺ ተዉ በያቸው።"

"ተዉ ካልኳቸው አለቀ" አለች።

ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አባቷ ጨዋታ ላይ ሆነው "ተዉ፣ ይበቃል" የሚል ቃል ከሰሙ፣ የሚያስቆሟቸው ሳይደርሱ ሌላ ሳንቲም ያጎርሱታል፤ ከዚያ "ገብቷል እኮ፣ ምን ላድርግ" ይላሉ። ሳንቲሙ የሚገባው ደግሞ የብረት በሩ ላይ ነው። እንዳትጮህ ዶክተሩ ያለው አለ፤ ደንግጠው ቢንሸራተቱ የሚደገፉት ያንኑ ብረት ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ ለአፍታ አሰበ። "እንግዲያው እንዳይሸነፉ አድርጊ" ብሎ ሮጠ።

ፊውዝ በዕድሜዋ አንድም ጌም ተጫውታ አታውቅም። በሩን በቀስታ ገፋ አድርጋ ደፉ ላይ ቆመች፤ ማር የተቀባ ድምፅ ፈልጋ አወጣች።

"አባባ፣ እንዴት ነው ጨዋታው?"

ይህ ድምፅ ከእሷ ስላልተለመደ አዛውንቱ ዞር ሊሉ ቃጡ።

"አይዙሩ፣ ይጫወቱ፣ ይጫወቱ። ስንት መርከብ ቀረዎት?"

"አንድ። የመጨረሻዬ ናት።"

"እንግዲህ እሷን በደንብ ይያዟት።"

"ዛሬ ምን ነክቶሻል? ሌላ ቀን ተዉት ትይ የለም?"

"ዛሬ ማየት አምሮኝ ነው። በግራ አባባ፣ በግራ፤ ያቺ አረንጓዴዋ መጣችብዎት።"

"አየኋት" አሉ፤ ፒው፣ ፒው። "የመርፌ ቀዳዳ ያየ ዓይን ይቺን ይስታታል?"

"አይስታትም። አሁን ደግሞ ከላይ ሁለት እየወረዱ ነው።"

"ይውረዱ። ሁሉም በወረፋ ነው።"

ከግድግዳው ማዶ ፀጉር ቤት ውስጥ ጫጫታ ተነሳ። እዚያ የሆነውን የነገሯት በኋላ ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ በኤሌክትሪክ መላጫ የአንድ ደንበኛ ፂም አጋምሶ፣ ስለ ፈዋሹ ማሽን እየተረከለት ሳለ ኤሌክትሪሺያኑ ዘሎ ገባ። "መስታወቱን አንሳልኝ" ሲለው "ወንድሜ፣ ወረፋህን ያዝ" አለው። ሰውየው ወረፋ አልያዘም፤ መስታወቱን ያዘ። መስታወቱ ግን የተንጠለጠለው አዛውንቱ ራሳቸው በሰፉት ወፍራም ማሰሪያ ነው፤ እሳቸው የሰፉት ነገር ደግሞ በቀላሉ አይፈታም።

ጌም ቤቷ ውስጥ የአባቷ ግራ እጅ እጀታውን ለቆ ወደ ኪስ ገባ። ሲወጣ በሁለት ጣት መካከል ሳንቲም ይዟል።

"አባባ፣ ሳንቲሙ ለምንድነው?"

"ከሞትኩ ወዲያው እንድነሳ።"

"አይሞቱም" አለች ፊውዝ። ማሩ ከድምፅዋ ላይ አለቀ።

"ሰው ነኝ፤ ይቺ ቀይዋ መንታፊ ናት። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የምትጨርሰኝ።"

"በቀኝ ይሽሹ።"

"ሸሸሁ።"

"ወደ ታች አባባ፣ ወደ ታች። ደግሞ በግራ። ጎበዝ። የኔ አንበሳ። እንደርስዎ ያለ የለም።"

አዛውንቱ እንዲህ ተመስግነው ስለማያውቁ ደስ አላቸው፤ ደስታ ደግሞ ሰውን ያዘናጋል። ቀይዋ ከላይ ተወረወረች። መርከቢቱ ፈነዳች። መስታወቱ በብርሃን ተሞላ፤ ማሽኑም የሐዘን ዜማውን ጀመረ።

የአባቷ እጅ ከነሳንቲሙ ወደ ብረት በሩ ወረደ።

ፊውዝ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ልትወረወር እግሯን አነሳች፤ እግሯ አልሄደም። የአዛውንቱ ጣት ብረቱን ሲነካ አየች፤ አይታም ዓይኗን ጨፈነች።

ዜማው ተቋረጠ።

ከግድግዳው ማዶ የማታውቀው ወንድ "ሰዎች፣ ግማሽ ፂሜ" ሲል ሰማች። ዓይኗን ስትገልጥ ቤቱ ጨልሟል፤ ከበሩ በሚገባው ብርሃን አባቷ ጎንበስ ብለው የብረት በሩን በመዳፋቸው ደጋግመው ሲዳስሱ ይታያሉ።

"ዛሬ ምነው አልቆነጠጠኝም?" አሉ ቅር ብሏቸው። "ሞተ እንዴ?"

"ማሽኑ ነው አባባ" አለች ፊውዝ። "ማሽኑ ነው የሞተው።" እዚያው እርጥቡ ወለል ላይ፣ ከነቀሚሷ፣ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

"ምን ሆነሻል ልጄ?"

"አልደነገጡም?"

"መብራት ስለጠፋ? መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያዬ ነው?"

ያኔ ፊውዝ ተቃጠለች። ስንት ጊዜ ሙሉ መንገድ እየተሻገረች ያፈሰሰችውን ቁጣ ሁሉ፣ ያልተሻገረችውንም ጨምራ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ለቀቀችው። ሹልክ ብለው መምጣታቸውን፣ ካልሲያቸውን፣ ካርቶኑን፣ መሰርሰሪያውን፣ ፀጉር አስተካካዩንና ያን ሁሉ ቁርጥማታም በየተራ ጠራች። በመጨረሻ ትንፋሽ አጥሯት ዝም ስትል ዶክተሩ ያለው ትዝ አላትና ክው አለች። አባቷ እርጥብ እግራቸውን በካልሲ እየጠረጉ በፍቅር ያዩዋታል።

"እንኳን ደህና መጣሽ" አሉ። "ስንት ጊዜ ናፍቀሽኝ ነበር። ቤቱ እኮ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር።"

ልባቸው ንቅንቅ አላለችም።

ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ማሽኑን ከግድግዳው ሳበው። ስፒናውን ነቅሎ አየውና ወደ ላይ አነሳው። ሦስት ጥርስ የነበረው ስፒና ሁለት ጥርስ ብቻ ቀርቶታል፤ መሬት የሚያስይዘው ሦስተኛው ጥርስ ከሥሩ ተቆርጧል።

"ይሄን ማነው የነቀለው?"

ፀጉር አስተካካዩ በራፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ እጆቹን ወደ ኪሱ ከተተ።

"ማሽኑ የመጣ ቀን ሶኬቱ ውስጥ አልገባ ብሎ አስቸገረን" አለ። "ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው ጥርስ ትርፍ መስሎኝ በፒንሳ ነቀልኩት። አያቴ እኮ ጥርስ ነቃይም ነበር፤ የዘር ነው።"

"አያትህ ደህናውን ጥርስ ነበር የሚነቅለው?"

"አንዳንዴ" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

የማሽኑ ጀርባ ሲከፈት ነገሩ ሁሉ ታየ። ከውስጥ ያለው ገመድ በዕድሜ ብዛት ተላጥቶ አንድ ቀጭን ሽቦ ከብረቱ ጋር እየተሳሳመ ኖሯል። ኤሌክትሪሺያኑ ወዲያው እጁን አልሰደደም። ሁሉንም ወደ ኋላ አስወጣ።

"ይህ ሆዳም መስታወት መብራት ተነቅሎም በሆዱ መብራት ያቆያል" አለ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄንንም ጨምሩበት።"

በፕላስቲክ እጀታ ካቻቪቴ ላይ ሽቦ አስሮ፣ የሽቦውን ጫፍ ማሽኑ ብረት ላይ ቆነጠጠ። አንድ እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ በሌላኛው ካቻቪቴውን መስታወቱ አናት ላይ ካለው የላስቲክ ቆብ ስር በቀስታ አስገባው። ተጠራቅሞ የቆየው መብራት ጣ ብሎ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ከደፉ ላይ ወደ መንገዱ ዘለለ፤ ግማሽ ፂሙ የተላጨው ደንበኛም ተከተለው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ኤሌክትሪሺያኑ የተላጠውን ገመድ በአዲስ ቀየረ። ከጓሮ የመዳብ ዘንግ ቀበረ፤ ሽቦውን ሦስት ቀዳዳ ባለው አዲስ ሶኬት አሳልፎ የሦስቱንም ማሽኖች ብረት አንድ ላይ አሰራቸው። ፀጉር ቤት ያለው ብሬከር አጠገብም ማሽኑ ትንሽ መብራት እንኳ ባፈሰሰ ቁጥር ራሱ የሚቆርጥ ሌላ ብሬከር ገጠመ። ከዚያ መብራት መኖሩን በሚያሳይ ቴስተር የብረት በሩን ነካ፤ ቴስተሩ አልበራም። ፊውዝ ግን ቴስተሩን አላመነችም። አባቷን ወደ ውጭ አስወጥታ፣ ጫማዋን በደንብ አጥብቃ፣ በአንድ ጣቷ ጫፍ ራሷ ነካችው። ቀዝቃዛ ብረት ነው። ምንም የለም። በመዳፏ ነካችው። ምንም የለም። ያኔ ነው ግንባሯን ብረቱ ላይ አሳርፋ ረዥም ትንፋሽ የለቀቀችው።

በሚቀጥለው የሥራ ቀን ቁርጥማታሞቹ መጥተው ሲነኩት ጊዜ አጉረመረሙ። ሾፌሩ "ሐኪሙን ገደላችሁት" አለ። ፀጉር አስተካካዩም ከነሱ ጋር አዘነ፤ ወሬው ነው የተወሰደበት።

ፊውዝን ያስጨነቃት ግን የአባቷ ጣት ነበር። ቁንጥጫው ሲቀር ወደ ዝንጅብሉ ይመለሳል ብላ ፈርታ እየሰረቀች ታየዋለች። እሳቸው በየቀኑ እየመጡ፣ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ በደረቅ ወለል ላይ ቆመው እጀታውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያማታሉ፤ ቁልፎቹን ይቀጠቅጣሉ። ጣታቸው አልተመለሰም። እንዲያውም ይበልጥ ተፈታ፤ አንድ ቀን ስታያቸው በአንድ እጃቸው ኩባያ ይዘው ይጠጣሉ፣ በሌላው ይተኩሳሉ።

"ቁንጥጫው መስሎኝ ነበር" አሉ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ። "ለካ ጨዋታው ኖሯል። ጣት ሥራ ሲፈታ ነው የሚታመመው።"

"እንግዲያው ይጫወቱ" አለች ፊውዝ፤ ይህን ያለችው በሙሉ ድምፅዋ ነው።

ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሁሉም እውነት ነው። ባልና ሚስቱም እውነት ናቸው፤ አህያውም መንገድ ለቋል። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ ሕሊናዬ እንቢ ስላለኝ ልናገር። ኤሌክትሪሺያኑ ሥራውን የጨረሰው በዚያው ከሰዓት በኋላ አይደለም። የተጀመረ ሥራ በዕለቱ የሚጨርስ ኤሌክትሪሺያን አይቼ አላውቅም፤ እናንተም አላያችሁም፤ ይህን እንዴት እንዳመናችሁኝም ይገርመኛል። ዕቃ ልግዛ ብሎ ወጣ፤ ነገ አለ፣ ሰኞ አለ፣ መሰላል ላይ ነኝ አለ። እስኪመጣ ድረስ ፊውዝ የማሽኑን ገመድ ከነስፒናው አስቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞር ነበር። ስትተኛም ከትራሷ ስር ታደርገዋለች፤ ሰላማዊ እንቅልፍ ነበር የምትተኛው ይላሉ።